የምዜ ኮምቦ አራተኛው ሶኬት

ሰፈሩ ሽማግሌነታቸውን አክብሮ «ምዜ» የሚላቸው ኮምቦ በመታጠቢያ ቤታቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ኢንስፔክተር ዋኪዮ ስትደርስ የፈሰሰው ውሃ ገና አልደረቀም ነበር። ባልዲው ተገልብጧል። ውሃ የሚያሞቁበት ዘንግ ከባልዲው አጠገብ ወድቋል፤ ገመዱ ወለሉን አቋርጦ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ገመዱ ግድግዳው ላይ ከሚሰካበት ቦታ፣ በገመዱና በግድግዳው መካከል የገባ፣ በስልክ የሚታዘዝ ነጭ ስማርት ሶኬት አለ። እሱም እንደ ጧፍ ቀልጦ ግማሽ ፊቱ ወደ ታች ተዝረክርኳል።

«ኤሌክትሪክ ነው» አለ ሳጅን ካሪሳ፣ አለቃውን በፖሊስ አጠራር «አፋንዴ» እያለ፣ ከደጃፉ ሳይገባ። «አፋንዴ፣ ይሄ ዓይን ለሌለውም ይታያል። ያቺ ዘይቱኒ የምትባለው ኤሌክትሪሺያን የገጠመችው ዕቃ ተቃጠለ፣ ሽማግሌው እርጥብ እጃቸውን ሰደዱ፣ አለቀ።»

«ገና ሳትገባ ጨረስከው?»

«ገብቼስ ምን ልጨምርበት?»

ዋኪዮ ወደ ሟቹ ጎንበስ አለች። ባልደረቦቿ «ቀርፋፋ» ይሏታል፤ እሷ ግን ቃሉን እንደ ሜዳሊያ ነው የምትሸከመው። በሥራ ዘመኗ ቀላል ስለሆነ ብቻ የዘጋችው መዝገብ የለም። ሁልጊዜ እንደምታደርገው መጀመሪያ ሟቹን፣ ቀጥሎ ወለሉን፣ በመጨረሻ ግድግዳውን መረመረች። የሽማግሌው ጭንቅላት ከኋላ ተሰንጥቋል፤ የሲሚንቶው መታጠቢያ ጠርዝ ላይ ደም አለ። እጃቸው ላይ የቃጠሎ ምልክት የለም። የግድግዳው ሶኬት በጎኑ ያለው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ጠፍቷል።

«ይህን ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ አፋንዴ» አለ ደረጃው ላይ የቆመ ሰው። ሙስለም ይባላል፤ ከታች ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። የለበሰው ካንዙ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ነጭ የወንድ ቀሚስ፣ አንገቱ ዙሪያ በእጅ የተጠለፈ ነው፤ በመላ ሞምባሳ እንዲህ የሚጠልፍ የለም ይባልለታል። «በጣሪያዬ ውሃ ሲንጠባጠብብኝ ሮጬ ወጣሁ። ሳያቸው መጀመሪያ ያደረግሁት ማጥፊያውን መጫን ነው። ሰው ሲቀርብ እንዳይደግም ብዬ። አላህ ይርሐማቸው፤ ለእኔ አባቴ ነበሩ።»

ዋኪዮ ጓንት አጥልቃ የቀለጠውን ሶኬት ከግድግዳው ነቀለችና ገለበጠችው። ፊቱ ከስሏል። ጀርባው ላይ ያሉት ሦስት የናስ ጥርሶች ግን ከፋብሪካ እንደወጡ ያብረቀርቃሉ። ረዘም ላለ ጊዜ ስታያቸው ቆየች።

«ቤቱ ይታሸግ» አለች ለካሪሳ። «አንድም ነገር እንዳይነካ። ዋይፋዩም፣ ፍሪጁም እንደበራ ይቆይ።»

«የሟች ፍሪጅ ለማን ነው የሚያቀዘቅዘው?»

«ለእኔ።»

ወደ ታች ሲወርዱ ጠባቡ መተላለፊያ በሰው ሞልቷል። ከየቤቱ ደጃፍ በግራና በቀኝ በተሠሩት የድንጋይ መደቦች ላይ ሰፈርተኛው ተደርድሮ እየተቀባበለ ያወራል። «ስንት ጊዜ አልኳችሁ፣ ያ ሰላይ ሶኬት መብራት ይበላል!» «መብራት ብቻ? አሁን ሰው በላ!» አንዱ ሽማግሌ የራሱን ቤት ሶኬቶች በፌስታል ሰብስቦ አውጥቶ ደጃፉ ላይ ወርውሯቸዋል።

ዘይቱኒ በዚህ መሃል መጣች። የሥራ ቱታዋን እንደለበሰች፣ ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ከወዲያኛው ጫፍ በሕዝቡ መካከል ቀጥ ብላ ተራመደች። አንዲት ሴት «ነፍሰ ገዳይ!» ብላ ጮኸች። ዘይቱኒ ቆመች፤ ዞራ ሴትዮዋን አየቻትና ለትልቅ ሴት በሚሰጠው «ቢ» በሚለው አክብሮት ጠራቻት።

«ቢ ስዋፊያ፣ የኩሽናሽን ሽቦ የሠራሁልሽ እኔ ነኝ። ዛሬም ሻይሽን በእሱ ነው ያፈላሽው። ነፍሰ ገዳይ ከሆንኩ እንዴት ተረፍሽ?»

ወደ ዋኪዮ ዞረችና ሁለት እጇን ዘረጋች። «እየፈለጋችሁኝ አይደል? ይኸው ራሴ መጣሁ።»

*

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለች ዘይቱኒ የቀለጠውን ሶኬት በጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ስታየው። አንዴ ነው ያየችው።

«ሁሉም ሰው የአንቺ ነው ይላል» አለ ካሪሳ።

«ሁሉም ኤሌክትሪሺያን ነው እንዴ?»

«ምላስሽ ስለታም ነው።»

«ካቻቪቴም እንደዚያው ነው፤ ግን እናንተ ወሰዳችሁት።»

ዋኪዮ ፈገግታዋን ዋጠች። «ፉንዲ ዘይቱኒ» አለቻት፤ የእጅ ባለሙያ የሚጠራበትን የክብር ስም ሆን ብላ ነው የጠራቻት፤ «ያንቺ ካልሆነ ያንቺ ምን ዓይነት ነበር?»

ልጅቷ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ሰው ስማርት ሶኬት ሲገዛ ቀለሙንና ዋጋውን ያያል። እኔ ጀርባውን ነው የማነበው። መጀመሪያ፣ ስንት አምፔር ይችላል? የባልዲ ማሞቂያ እንደ በሬ ነው የሚስበው። ይሄ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ለሬዲዮና ለራስጌ መብራት የሚሆን ነው፤ ማሞቂያ ላይ ማድረግ በሬን በክር ማሰር ነው። የእኔ ትልቁ ነው፤ ገላው እሳት የማይይዝ። ሁለተኛ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ያደርጋል? የፍሪጁ ራሱ መብራት አለበት፤ የማሞቂያው ግን ሰው ካላዘዘው ጠፍቶ መቅረት አለበት፤ ያለዚያ ቤት ያቃጥላል። ሦስተኛ፣ መቁጠር አለበት። ማብራት ማጥፋትማ ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያም ይችላል። ለምዜ አራት ነበር የገጠምኩላቸው፤ ለፍሪጁ፣ ለልብስ ማጠቢያው፣ ለቴሌቪዥኑ፣ ለማሞቂያው። አራቱንም መርጬ ነው የገጠምኳቸው።»

«ለምን ፈለጓቸው?»

«ቆጣሪያቸው ይበላቸው ነበር። የሞሉት ኤሌክትሪክ ሳይታሰብ ያልቃል። የመርከብ መካኒክ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የማይገባቸው ነገር እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ሶኬቶቹ ከተገጠሙ በኋላ ደመርናቸው። አምፖሎቹን ጨመርንበት። የውሃ ፓምፑንም ጨመርንበት። ቆጣሪው ግን የዚያን እጥፍ ይላል።» ዘይቱኒ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ሰፈሩ ‹ሶኬቶቹ ናቸው የሚበሉት› እያለ ያወራ ጀመር። ሥራ ቀረብኝ። ምዜ ግን ‹ልጄ፣ ስምሽን እኔ አጠራዋለሁ፤ ቅዳሜ ሽቦውን እንከተላለን› አሉኝ። ቅዳሜ ሳይደርስ ሞቱ።»

«ፈቃድሽ ታግዷል» አለ ካሪሳ፤ ይህን ሲል እንደ ቅድሙ አልተሳለቀም። «የቴክኒክ ክፍሉ ሪፖርት ሶኬቱ የአንቺ ነው ካለ ለዘለዓለም ይሰረዛል። ክሱ ደግሞ ሌላ ነው።»

«ሪፖርቱን የሚጽፈው ሰው የሶኬቱን ጥርስ ያየዋል?»

ዋኪዮ ቀና አለች። «ጥርሱን እኔ አይቼዋለሁ» አለች።

*

ዋኪዮ በማግስቱ ከገበያ ያንኑ ዓይነት ሁለት ርካሽ ሶኬቶች ገዝታ መጣች፤ በየመንገዱ ዳር የሚሸጡ ናቸው። በጣቢያው ግቢ አንዱን በባልዲ ማሞቂያ ላይ ሰካችና ከካሪሳ ጋር ራቅ ብለው ቁጭ አሉ።

«ውሃው ሲፈላ ሻይ እናፈላበታለን?» አለ ካሪሳ።

«ዝም ብለህ ጠብቅ።»

ደጋግመው ውሃ ቀየሩ። በመጨረሻ የፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ቀጭን ጭስ ከግድግዳው ጥግ ወጣ። ዋኪዮ አጥፍታ ነቀለችው። ጥርሶቹ ጠቁረዋል፤ ፕላስቲኩ በጥርሶቹ ሥር ቀልጧል፤ ፊቱ ግን ደህና ነው። ሁለተኛውን በእጇ ይዛ ፊቱን በላይተር አቃጠለችው። እንደ ጧፍ ተዝረከረከ። ጥርሶቹ ግን እንዳብረቀረቁ ቀሩ።

ካሪሳ ሁለቱን አነጻጽሮ አየ፤ ከዚያ ከሟቹ ቤት የመጣውን አየ። ፉጨት ለቀቀ። «ሰው ነው ያቃጠለው።»

«ሰው ነው ያቃጠለው። ሐኪሙም ዛሬ ደውሎልኛል። እርጥብ ቆዳ ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት ላይታይ ይችላል አለ፤ በዚህ በኩል አልረዳኝም። አንድ ነገር ግን አረጋግጦልኛል። ሽማግሌው ጭንቅላታቸው ከተመታ በኋላ ወዲያው አልሞቱም። ለጥቂት ጊዜ በሕይወት ነበሩ።»

«እና ገዳዩ አጠገባቸው ቆሞ...»

«ፕላስቲክ ያቀልጥ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ታሸገው ቤት ሄደች። ደረጃው ሥር ካለው ቆጣሪ ፊት ቆመች። ትንሿ ቀይ መብራት ኤሌክትሪክ በተጠቀሙ ቁጥር ብልጭ ትላለች። ካሪሳ ላይ ሆኖ፣ ሶኬቶቹን እንደተሰኩ ትቶ፣ ያለውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋ። «ጨረስኩ!» ብሎ ጮኸ። ቀይዋ መብራት ብልጭታዋን አቆመች። ዋኪዮ ጠበቀች። አሁንም የለም። አንድ ጠብታ የሚያህል ኤሌክትሪክ እንኳ የትም አይሄድም።

«ሶኬት ቢሆን ኖሮ የሚበላው አሁንም ይበላ ነበር» አለች ሁሉንም ካስመለሰች በኋላ። «ቤቱ አርጅቶ ሽቦው ቢያፈስ ኖሮም አሁንም ያፈስ ነበር። ሌባ ነበር ካሪሳ። ሽማግሌው በሞቱበት ቀን የሚሰርቅበትን ሽቦ ነቅሏል።»

*

መጀመሪያ የተጠረጠረው የወንድማቸው ልጅ ላሊ ነው። ጣሪያው ላይ ባለች ክፍል ይኖር ነበር፤ አጎቱ ከሞቱ ወዲህ አላደረባትም። ቤቱን ለሆቴል እንዲሸጡት ሲጨቀጭቃቸው መደቡ ሁሉ ሰምቷል።

«አዎ ተጣልተናል» አለ ላሊ፤ ዓይኑ አብጧል። «በየሳምንቱ ነበር የምንጣላው። ከተጣላን በኋላ አብረን ዓሣ እንበላለን። አፋንዴ፣ እሳቸው ካልሰደቡኝ ቀኑ የዋለ አይመስለኝም ነበር።»

«በዚያን ቀን የት ነበርክ?»

«ሊኮኒ፣ ሰርግ ላይ። ከበሮ መቺ ነኝ።»

«ማን አይቶሃል?»

«ማን አላየኝም በሉኝ! ሙሽራይቱ ራሷ ‹ቀስ በል፣ ጆሮዬ!› ብላኛለች።»

ካሪሳ በጀልባ ተሻግሮ የሰርጉን ቪዲዮ አመጣ። ላሊ ከቀትር ጀምሮ እስከ ማታ ከበሮው ላይ ነው፤ ላቡ በካሜራው ውስጥ እንኳ ይታያል። ዋኪዮ ቪዲዮውን ሳትዘል ሙሉውን አየችው። ካሪሳ በመካከሉ እንቅልፍ ወሰደው።

ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። ሙስለም ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበላት። የስፌት መኪኖች ተደርድረዋል፤ የሚሠራው ግን አንዱ፣ በእግር የሚረገጠው ነው። ጥግ ላይ አንድ ሠራተኛ ካንዙ ይተኩሳል፤ ካውያው ውስጥ ከሰል ይንቦገቦጋል። ከበላዩ፣ ምስማር ላይ፣ የኤሌክትሪክ ካውያ ገመዱ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

«ሥራ ቀዘቀዘ?» አለች።

«ሐዘን ነው አፋንዴ። እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

«በዚያን ቀን እርስዎ...»

«ሱቄ ውስጥ። የከሰዓት በኋላውን የአስር ሰላት መስጊድ ሰግጄ ተመለስኩ። ከዚያ ውሃው ተንጠባጠበ። መስጊድ ያዩኝ ይመሰክራሉ።» ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለ። «ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ግን ሴት ልጅ እና ሽቦ... እንግዲህ ምን ይባላል። ፈቃዷን ቢወስዱባት ለራሷም ይበጃታል። አግብታ ትቀመጥ።»

«ካንዙውን የሚጠልፉት ራስዎ ነዎት?»

ፊቱ በራ። «ከአያቴ የተማርኩት ነው። ከላሙ እስከ ዛንዚባር ሙሽራ የሙስለምን ካልለበሰ ሙሽራ አልሆንም ይላል። ስም ነው አፋንዴ። ሰው ያለ ስሙ ምንድን ነው?»

«እውነት ነው» አለች ዋኪዮ። ስትወጣ ካሪሳን ጠየቀችው፦ «ከሰል ረክሷል እንዴ?»

«ከመቼ ወዲህ? በየቀኑ ነው የሚወደደው።»

*

ጥርጣሬ ብቻውን ሰው አያስይዝም። መስጊድ ያዩት ሰዎችም አሉ፤ እነሱም ሐሰተኞች አልነበሩም። ዋኪዮ ወደ ጣቢያው ተመልሳ ዘይቱኒን አስጠራች።

«ሶኬቶቹ የሚቆጥሩት የት ነው የሚታየው?»

«በምዜ ስልክ። በእኔም። እንዳግዛቸው ፈቅደውልኝ ነበር። ግን ስልኬ የታሰርኩ ቀን ተወስዷል።»

ዋኪዮ ስልኩን ከመሳቢያ አወጣችና ሰጠቻት። ዘይቱኒ አብርታ ጥቂት ነካካችና ወደ ጠረጴዛው ገፋ አደረገችው። አራት ስሞች ተደርድረዋል፦ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ቴሌቪዥን፣ ማሞቂያ። ፍሪጁ አረንጓዴ ነው፤ ዋኪዮ እንደበራ እንዲቆይ ያዘዘችው ነው። ማጠቢያውና ቴሌቪዥኑ ምንም አይስቡም።

ዘይቱኒ ግን የምታየው አራተኛውን ነበር። እጇ አፏ ላይ ሄደ።

«ምንድን ነው?»

«ማሞቂያው... በርቷል።»

«የቀለጠው እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይደለም እንዴ?» አለ ካሪሳ።

«አልኩህ እኮ! ያ የእኔ አይደለም። የእኔ ይኸው፣ በሕይወት አለ!» ዘይቱኒ ብድግ አለች። «እዩት አፋንዴ። ምዜ በሞቱበት ቀን ይቋረጣል። ከቀብሩ በኋላ እንደገና ይነሳል። ይሄን መስመር እዩ።»

ዋኪዮ አጎንብሳ አየች። መስመሩ ከፍ ይላል፣ ለጊዜው እዚያው ይቆያል፣ ይወርዳል፣ ያርፋል፣ እንደገና ከፍ ይላል። ከፍታው ደግሞ ትንሽ ነው፤ የባልዲ ማሞቂያ የሚስበውን ሲሶ እንኳ አይሆንም። ቀጥሎ ከላይ ያለውን የሟቹን ፍሪጅ መስመር አየች። ሁለቱ እንደ መንትያ ይተነፍሳሉ።

«ፍሪጅ ነው» አለች በዝግታ። «አንድ ሰው ሶኬትሽን ወስዶ ፍሪጁ ላይ ሰክቶታል። ግን እንዴት እዚህ ይታያል?»

«የምዜን ዋይፋይ ስለሚያውቅ። የትም ቢሰካ፣ ያ ዋይፋይ እስከደረሰው ድረስ ራሱ ይገናኛል። ሩቅ ቢሆን ግን ዝም ይል ነበር።»

«ስለዚህ ቅርብ ነው።»

«ግድግዳ ቢለየው ነው።»

ዋኪዮ ወንበሯ ላይ ደገፍ አለች። ቀስ ብሎ የሚሞቅ ደስታ ደረቷን ሞላው። ዋይፋዩን ቢያጠፉት ኖሮ፣ ቤቱን ቢዘጉት ኖሮ፣ ይህ መስመር ባልኖረ ነበር። ቀርፋፋ ይበሏት።

*

የሟቹ ዋይፋይ ከሦስት ቤት በላይ አይዘልቅም፤ ካሪሳ ስልኩን ይዞ መተላለፊያውን ወጥቶ ወርዶ አረጋገጠ። «ከዛሬ ጀምሮ የፍሪጅ ተቆጣጣሪዎች ሆነናል» እያለ አጉረመረመ።

መጀመሪያ ቢ ስዋፊያ ቤት ገቡ። ፍሪጇ ኩሽና ውስጥ ያጓራል። ዋኪዮ የዘይቱኒን ስልክ በቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ይዛ የአራተኛውን ሶኬት ማጥፊያ ጫነች። ፍሪጁ ማጓራቱን ቀጠለ። ሁለተኛው የቁርዓን አስተማሪው ቤት ነው። እዚያም ተጫነ፤ እዚያም ምንም የለም። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ መልሳ አበራችው።

ሦስተኛው ከሱቁ ጀርባ ያለው የሙስለም ቤት ነው። ሙስለም ራሱ በሩን ከፈተ፤ ሚስቱ ቢ ማርዲያ ከውስጥ «ግቡ፣ ግቡ፣ ሙቀቱ ገደላችሁ!» አለች። ሳሎኑ ውስጥ ፍሪጁ በክብር ቦታ ቆሟል፤ በላዩ ዳንቴል ተነጥፎ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር ይሽከረከራል። ቢ ማርዲያ ቀዝቃዛ የሮማን ጭማቂ ቀዳች።

«ነገሩ አለቀ አሉ?» አለ ሙስለም። «ልጅቷ አመነች?»

«ትንሽ ነው የቀረን» አለች ዋኪዮ። ፍሪጁ ድምፅ እስኪያሰማ ጠበቀች። ጭማቂዋን ቀመሰች፤ አመሰገነች። ከዚያ ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች።

ፍሪጁ ተንፍሶ ጸጥ አለ።

«አይ! ሄደ ደግሞ!» አለች ቢ ማርዲያ።

«ምኑ?» አለች ዋኪዮ።

«መብራቱ ነዋ...» ቢ ማርዲያ ቀና አለች። ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል። የግድግዳው መብራት በርቷል። ዋኪዮ እንደገና ጫነች። ፍሪጁ ተንቀጥቅጦ ማጓራቱን ቀጠለ። እንደገና። ጸጥ።

ሙስለም ብርጭቆውን አልጣለም። እንደያዘው ቆመ እንጂ። ዓይኖቹ ሚስቱ ላይ ነበሩ።

«ይሄ ጠባቂ ተብዬ የማይረባ ነው ማለት ነው!» አለች ቢ ማርዲያ፤ ጎንበስ ብላ ከፍሪጁ ጀርባ የተሰካውን ነጭ ዕቃ እየነካካች። «ዓመት ሙሉ ‹የፍሪጅ ጠባቂ ግዛልኝ፣ መብራት ሲዋዥቅ ሞተሩ ይቃጠላል› ስለው ኖሬ፣ ለካ ገዝቶ መሳቢያው ውስጥ ረስቶታል። አገኘሁትና ራሴ ሰክቼ፣ በጎኑ ያለችውን ቁልፍ ተጭኜ አበራሁት። ሙስለም፣ ማን ነው ይሄን የሸጠልህ?»

ካሪሳ ነቀለው። በአንድ ጎኑ ላይ ጥቁር የጥላሸት ምላስ አለ፤ ፕላስቲኩ ግን አልቀለጠም።

«ይሄኛው እንቢ አለዎት» አለች ዋኪዮ። «ላይተሩን አስጠግተው ነበር። እሳት አይዝም። መርጣ ነው የገጠመችው። ስለዚህ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠውን ርካሹን ከሱቅዎ አመጡና እሱን አቃጠሉ። ይሄንን ደግሞ መጣል አልቻሉም፤ በቀን ብርሃን፣ ሁለቱም መደብ ሰው ተቀምጦበት፣ የት ይጥሉታል? በካንዙዎ ኪስ ከተው ወደ ቤትዎ ገቡ።»

ሙስለም ቁጭ አለ። «ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም» አለ።

«ሙስለም?» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ።

«ከቆጣሪው ወደ ሱቄ የሳብኩትን ሽቦ አገኘው። ከመታጠቢያው ግድግዳ ጀርባ ነበር። ጠራኝ። አልጮኸብኝም። ‹ንቀለው፣ የበላኸውንም አልጠይቅህም› አለኝ። ‹አንድ ነገር ብቻ። መደቡ ላይ ቆመህ፣ የበላሁት እኔ ነኝ፣ የልጅቷ ሶኬት አይደለም በል። በአንተ ሽቦ ምክንያት የሰው ልጅ ስም ጠቁሯል› አለኝ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እኔ! ሙስለም! መደብ ላይ ቆሜ ሌባ ነኝ ልበል? ለአንዲት ሽቦ ጎታች ስም ብዬ የአያቴን ስም?»

«ገፍተዋቸው ሲወድቁ ሰው ቢጠሩ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ሐኪሙ እንደነገረኝ ሽማግሌው ይተነፍሱ ነበር። እርስዎ ላይተር ይዘው ቆመው ነበር። ቀጥለው ሰላት ሰገዱ። ተመልሰው ደግሞ ‹ውሃ ተንጠባጠበብኝ› አሉ።»

ቢ ማርዲያ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ካሪሳ ሰንሰለቱን አወጣ፤ በዚህ ጊዜ ቀልድ አልነበረውም።

*

የዘይቱኒ ፈቃድ በማግስቱ ጠዋት ተመለሰ። ዋኪዮ ራሷ ነበረች ያስረከበቻት፤ ካቻቪቴውንም ጭምር።

«በጀርባው በር ውጪ፤ ደጅ ጋዜጠኛ አለ» አላት ካሪሳ።

«በጀርባ በር የሚወጣ ያጠፋ ሰው ነው» አለችው።

አመሻሹ ላይ፣ መደቦቹ በሰው በሚሞሉበት ሰዓት፣ መሰላሏን በትከሻዋ ተሸክማ በመተላለፊያው መሃል መጣች። ዋኪዮ ያን ሰዓት የሟቹን ቤት እሽግ ልትፈታ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ወሬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቋረጠ። መጀመሪያ የተነሡት የቁርዓን አስተማሪው ናቸው። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ መደቡ በሙሉ ተነሣ፤ ለሽማግሌ እንደሚነሡት።

ቢ ስዋፊያ ሶኬቶቿን በፌስታል ይዛ ብቅ አለች። «ፉንዲ ዘይቱኒ... ልጄ... አውልቄያቸው ነበር። ብትመልሺልኝ?»

«እመልሳለሁ።»

«እኔስ?» አለ ከወዲያ ሌላው። «የእኔም ቆጣሪ ይበላል!»

«ተሰለፉ» አለች ዘይቱኒ። አንገቷን አላቀረቀረችም፤ ፈገግም አላለችም። «ሁላችሁንም እሠራለሁ። ግን ቅድሚያ ያለው አለ።»

አለፈቻቸው። አለፈችና ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ያለው በር ላይ ቆመች። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ያን በር አላንኳኳም ነበር። ቢ ማርዲያ ከፈተች፤ ስታያት ልትዘጋው ቃጣት።

«ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለች በተሰበረ ድምፅ።

«አፋንዴ ነገረችኝ፤ ባልሽ በእናንተ በኩል ሽቦውን ሲነቅል ጫፉን አልሸፈነውም። በግድግዳሽ ውስጥ ራቁቱን ተንጠልጥሏል፤ እርጥበት ሲነካው ይናከሳል። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።» ዘይቱኒ መሰላሉን ከትከሻዋ አወረደች። «የሁለቱንም ቤት ዋና ማጥፊያ አጥፊልኝና ቁሚ፤ እንዴት እንደሚሸፈን ላሳይሽ።»

መደቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንደቆመ ቀረ። ካሪሳ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ዋኪዮ በክርኗ ገፋ አደረገችውና ዝም አሰኘችው። በሩ ሰፋ ብሎ ተከፈተ፤ ዘይቱኒም መሰላሏን ወደ ውስጥ አስገባች።